ሻይ በሳሞቫር፣ በአዳማ ነፋስ

በብዙ ቤት ሳሞቫር፣ ሩሲያውያን ለሻይ ውኃ የሚያፈሉበት ባለ ቧንቧ ዕቃ፣ የሚኖረው ቡፌ ላይ ነው። ከሠርግ ፎቶው ጎን ዳንቴል ተነጥፎለት ይቀመጣል። በዓል ሲደርስ ይወለወላል። እንግዳ አይቶት "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" ይላል። ባለቤቱ "ከሞስኮ ያመጣሁት ነው" ብሎ ይመልሳል። ወሬው እዚያው ያልቃል። ሻዩ ግን ከጓዳ፣ በማንቆርቆሪያ ፈልቶ ይመጣል።

የእኛ ቤት ሳሞቫር እንዲህ ያለ ጡረታ አላገኘም። አባዬ ራሱ ጡረታ ከወጣ ቆየ፤ ሳሞቫሩ ግን እስካሁን ሥራ ላይ ነው። እሁድ እሁድ ከሰዓት በረንዳችን ላይ ከሰል ይጎርሳል፣ ግቢውን በጭስ ያጥናል፣ ከዚያ ለመጣ ለሄደው ሁሉ ሻይ ያጠጣል። ሰሞኑን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከአባቷ የወረሰችውን ሳሞቫር ከቡፌ ልታወርደው ፈልጋ "እንዴት ነው የሚሠራው?" ብላ ጠየቀችኝ። በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ አልሆነም። ስለዚህ ጻፍኩት።

እስቲ ከአመጣጡ ልጀምር። አባዬ ዕድሜውን የጨረሰው ናዝሬት ትራክተር መገጣጠሚያ ነው። እኛ አዳማ ስንል እሱ አሁንም ናዝሬት ነው የሚላት፤ አናርመውም። ፋብሪካው በ1970ዎቹ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተቋቋመ ነው። ይገጣጠም የነበረውም ቤላሩስ የሚባለው ትራክተር ነበር። ያኔ ከዚያ አገር የመጡ ባለሙያዎች ከእነ አባዬ ጋር ይሠሩ ነበር። ደርግ ሊወድቅ ሲል ዕቃቸውን እየሸጡ ወደ አገራቸው ገቡ። እማዬ ይህን ሰምታ አባዬን የስፌት መኪና እንዲገዛ ላከችው። እሱ ሳሞቫር ተሸክሞ መጣ። የዚህ ጉዳይ ፋይል በቤታችን እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ቀሚስ በተተረተረ ቁጥር ይከፈታል።

ሳሞቫር ያለን እኛ ብቻ አይደለንም። በዚያ ዘመን ብዙ ኢትዮጵያውያን በሞስኮ፣ በኪየቭ፣ በታሽከንት ተምረዋል። ሲመለሱ ከመጽሐፉና ከካፖርቱ ጋር ሳሞቫር የያዙ ጥቂት አልነበሩም። አብዛኛው ሰው ቤት የማየው ግን የኤሌክትሪኩን ነው። የእኛው የከሰል ነው።

ሥሩ ላይ የቱላ ማኅተም አለበት። ቱላ ከሞስኮ በስተደቡብ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ፣ በጠመንጃ ሥራ ስም ያወጣች ከተማ ናት። ሊሲትሲን የሚባሉ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1778 እዚያ ሳሞቫር ይሠሩ እንደነበር ተመዝግቧል። በኋላ ባታሼቭ የሚባሉት ፋብሪካዎች ገነኑ። በየአውደ ርእዩ የተሸለሙትን ሜዳሊያ ሳሞቫሩ ሆድ ላይ እያተሙ ይሸጡ ነበር። የእኛው ላይ ሜዳሊያ የለም፤ ተራ የሶቪየት ፋብሪካ ዕቃ ነው። 5 ሊትር ይይዛል። ነሐሱ በኒኬል ተለብጧል። የአንዱ እጀታ እንጨት ከተሰነጠቀ ቆይቷል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ክዳኑን ከፍታችሁ ብታዩ መሐል ለመሐል ከታች እስከ ላይ የቆመ ቱቦ ታገኛላችሁ። ከሰሉ የሚገባው ቱቦው ውስጥ ነው። ውኃው የሚሞላው በቱቦው ዙሪያ ነው። የቱቦው መጨረሻ ላይ አመድ የሚያወርድ ወንፊት አለ። ከወንፊቱ ሥር አየር የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ከላይ፣ ከክዳኑ በላይ፣ በራድ የሚቀመጥባት ቀለበት አለች። ከፊት ለፊት ቧንቧው። አለቀ።

ብልሃቱ ያለው ቱቦው ላይ ነው። ማንቆርቆሪያ ከሰል ምድጃ ላይ ሲጣድ ብዙው ሙቀት በጎን በጎን ወጥቶ አየር ያሞቃል። ሳሞቫር ውስጥ ግን እሳቱ በውኃ ተከቧል። ሙቀቱ በየት በኩል ልውጣ ቢል ውኃ ነው የሚያገኘው። ለዚህ ነው ለአንድ ቡና ከሚነድ ከሰል ብዙም ባልበለጠ ከሰል 5 ሊትር ውኃ የሚፈላው።

አሁን ወደ ሥራው። አንድ ሕግ አለ፣ ይሄ ሕግ ደግሞ ይግባኝ የለውም። ውኃ ሳይገባ እሳት አይገባም። የሳሞቫር አካላት እርስ በርስ የተያያዙት በቆርቆሮ ብየዳ ነው፤ ቆርቆሮ ስል የጣሪያውን ሳይሆን ቲን የሚባለውን ለስላሳ ብረት ነው። ውስጡም የተለበጠው በቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ በ232 ዲግሪ ይቀልጣል። ውኃ እስካለ ድረስ ገላው ከመፍያው በላይ ስለማይሞቅ ምንም አይሆንም። ውኃው ካለቀ ግን የከሰሉ ፍም ቱቦውን ያግላል፣ ብየዳው ይላቀቃል፣ ቧንቧው ራሱ ሊወልቅ ይችላል። አባዬ ልጆች ሆነን በምንም ነገር ተቆጥቶን አያውቅም። በዚህ ብቻ ነበር የሚጮኸው። "ውኃውን አይታችኋል?" ይላል። አይተን እንኳ ቢሆን ራሱ ክዳኑን ከፍቶ ያያል። ሻይ እየተቀዳም ግማሽ ላይ ሲደርስ ይሞላል እንጂ እስኪያልቅ አይጠበቅም።

ከሰሉ የግራር ነው። ገበያ ሄጄ የምገዛው እኔ ነኝ፣ ተሰባብሮ አውራ ጣት የሚያህል እንዲሆን የሚያደርገው እሱ ነው። ትልልቁ ቱቦው ውስጥ ይሰነቀራል፣ አየር ይዘጋል። መጀመሪያ ደረቅ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ወደ ታች ይጥላል። ክብሪት ለኩሶ ይለቃል። ጭራሮው ሲያያዝ ከሰሉን ጥቂት ጥቂት እያደረገ ይጨምራል። ከላይ የጭስ መውጫ ቱቦ ይሰካበታል። ዋናው ጠፍቶ ስለነበር አንድ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ከዘይት ጣሳ ሠርቶልናል። እስካሁን ጎኑ ላይ የዘይቱ ሱፍ አበባ ይታያል። አያምርም፤ ጭሱን ግን ወደ ላይ ይስበዋል። ቱቦው በረዘመ ቁጥር ከታች የሚገባው አየር ይጨምራል፣ እሳቱም ይፈጥናል።

እዚህ ላይ አዳማ ትረዳናለች። ከተማችን የነፋስ አገር ናት። ኮረብታው ላይ የተደረደሩት የነፋስ ተርባይኖች ለጌጥ አልቆሙም። ቀትር ካለፈ በኋላ የሚነሳውን ነፋስ እናቶች ይረግሙታል፣ የታጠበ ልብስ ላይ አቧራ ስለሚያለብስ። አባዬ ብቻ ነው በደስታ የሚቀበለው። የሳሞቫሩን አየር ማስገቢያ ወደ ነፋሱ አዙሮ ያስቀምጥና እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ሩሲያውያን ነፋስ ሲያጡ የቆዳ ቡት ጫማ አገዳ ቱቦው ላይ ደፍተው ከፍ ዝቅ እያደረጉ አየር ይስቡበት ነበር። እኛ ከእማዬ ማራገቢያ አልፈን አናውቅም።

አሁን ለአንድ አፍታ እንደ ነርስ ልናገር፣ ሙያዬ ነውና። የከሰል ሳሞቫር ከቤት ውጭ ነው የሚቀጣጠለው። በረንዳ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ። በር ተዘግቶ ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። ሰው ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ሲሰማው "ምግብ አልተስማማኝም" ብሎ ይተኛል። ዋናው አደጋ እንቅልፉ ነው። ከሰል ክፍል ውስጥ አስገብተው አድረው የመጡ ቤተሰቦችን ተቀብዬ አውቃለሁ። ስለዚህ ሳሞቫሩ "ለዓይን ያምራል፣ ሳሎን ይግባ" ካላችሁ ፍሙ ከጠፋ በኋላ ይግባ። ውኃው ለረጅም ጊዜ ትኩስ ነው፣ አትቸኩሉ።

ውኃው መፍላቱን አባዬ በጆሮው ነው የሚያውቀው። መጀመሪያ ሲር ይላል፣ በጣም ቀጭን ድምፅ ነው፣ ቴሌቪዥን ከተከፈተ አይሰማም። ቀጥሎ ድምፁ ይወፍርና ማጉረምረም ይጀምራል። በመጨረሻ ይንደቀደቃል፣ ክዳኑ ሥር እንፋሎት ይወጣል። እሱ የሚነሳው ማጉረምረሙ ሊያልቅ ሲል ነው። የስልክ ወሬ ላይ ብሆን እንኳ "ድምፁን ቀንሺ" ይለኛል። የእኔን ማለቱ ነው።

የሚፈላው በስንት ዲግሪ ነው ብትሉ፣ በ100 አይደለም። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውኃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 92 ዝቅ ይላል። ጥቁር ሻይ የሚፈላ ውኃ ይወዳል፤ እኛ ከመጀመሪያውም ስድስት ዲግሪ ተቀንሶብናል። ፈልቶ ፔርሙዝ ውስጥ የቆየ ውኃ ሲሆን ደግሞ ከዚያም ይወርዳል፣ ቅጠሉ ቀለም ብቻ ሰጥቶ ዝም ይላል። የሳሞቫር ሻይ ይጣፍጣል የሚባለው ሌላ ተአምር ኖሮት አይደለም። ውኃው በተቀዳ ጊዜ ሁሉ ከመፍያው አይርቅም፣ ቅጠሉ ደግሞ አይፈላም። ሁለቱ ነገሮች ናቸው። እኛ በየቤታችን የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። ውኃ፣ ቅጠል፣ ቅመም፣ ስኳር በአንድ ማንቆርቆሪያ ጨምረን እስኪጠቁር እናንተከትካለን። ያም የራሱ ጣዕም አለው፣ ሻይ ቤት ገብቼ ከቦምቦሊኖ ጋር ስጠጣው ደስ ይለኛል። ሌላ መጠጥ ነው ግን።

ሳሞቫር ውስጥ ሻይ ቅጠል አይገባም። ይህን አስምሩበት፤ ባልደረባዬም መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ቅጠሉን በየት በኩል ነው የምጨምረው?" ብላ ነው። ሳሞቫሩ የውኃ ቤት ነው። ሻዩ የሚዘጋጀው በራዱ ውስጥ ነው፣ ወፍራም ተደርጎ። የእኛ በራድ ግማሽ ሊትር ይይዛል። አባዬ መጀመሪያ ትኩስ ውኃ ያንቆረቁርበትና አለቅልቆ ይደፋዋል፣ ሸክላው እንዲሞቅ። ከዚያ አምስት ሞላ ሞላ ያለ የሻይ ማንኪያ ቅጠል። ከዚያ ውኃ። ክዳኑን ይገጥምና አናቱ ላይ ፎጣ ጣል ያደርግበታል።

ቅጠሉ የአገራችን ነው። ከካፋ ውሽውሽ ወይም ከኢሉባቦር ጉማሮ የሚመጣ። ሩሲያውያን የለመዱት ትልልቅ ቅጠል ነው፤ እሱ ቀስ ብሎ ነው የሚለቀው፣ ሩብ ሰዓት ቢቆይም አይቆጣም። የእኛ ግን ተፈጭቶ የተድቦለቦለ ጥቃቅን ነው። ቶሎ ይለቃል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሰጥቶ ይጨርሳል፣ ከዚያ በኋላ ምላስ የሚያደርቀውን ማውጣት ይጀምራል። ስለዚህ አባዬ ከሩሲያውያኑ ተለየ። አምስት ደቂቃ ሲሞላ በማጥለያ ወደ ሌላ በራድ ይገለብጠዋል። ሳሞቫሩ አናት ላይ የሚቀመጠው ያ ሁለተኛው ነው። ያውም የጭስ ቱቦው ተነስቶ፣ ፍሙ በረድ ካለ በኋላ። እሳቱ እየነደደ ከተቀመጠ ሻዩ በራዱ ውስጥ ይፈላል፣ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የቅመም ጦርነት ነው። ለእማዬ ቅመም የሌለው ሻይ የታመመ ሰው መጠጥ ነው። ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ሄል፣ ሲመቻት ዝንጅብል። አንድ ጊዜ አባዬ ሳያያት ቅመሙን ሳሞቫሩ ውኃ ውስጥ ልትጨምር ስትል እጅ ከፍንጅ ተያዘች። ቅርንፉድ ሳሞቫር ውስጥ ከገባ ሽታው በቀላሉ አይለቅም፣ እንጨቱ ደግሞ ቧንቧው ውስጥ ይሰነቀራል። ብዙ ከተነታረኩ በኋላ ስምምነት ላይ ተደረሰ። ስምምነቱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከሁለቱም ሐሳብ የተሻለ ሆነ። ቀረፋና ቅርንፉድ ጣዕማቸውን ለመስጠት ረዘም ላለ ጊዜ መፍላት ይፈልጋሉ፤ ሻይ ቅጠል ደግሞ መፍላት አይፈልግም። አብረው ሲጣዱ አንዱ የግድ ይጎዳል። ስለዚህ እማዬ ቅመሟን ለብቻው በትንሽ ድስት ታፈላዋለች፣ ውኃው ቡናማ እስኪሆን። አጥልላ በሌላ በራድ ታመጣዋለች። ጠረጴዛው ላይ እንግዲህ ሦስት ነገር ቀረበ፦ ፈላ ውኃ፣ ወፍራም ሻይ፣ የቅመም ውኃ። የፈለገ የፈለገውን ይቀላቅላል።

ሳሞቫርን የምወደው ለዚህ ነው። ሻዩ የሚያልቀው ጓዳ ውስጥ ሳይሆን ጠጪው ፊት ነው። አባዬ ብርጭቆውን ይይዝና "ወፈር ይበል ቀጠን?" ይላል። ከበራዱ ሁለት ጣት የሚያህል ያፈስሳል፣ ከቧንቧው ፈላ ውኃ ይሞላዋል፣ ወደ ብርሃን አንስቶ ቀለሙን ያያል። ከበዛበት ውኃ ይጨምራል። ለእኔ ሁልጊዜ ሳይጠይቀኝ ወፍራም ነው። ለልጄ በጣም ቀጭን፣ ውኃው ሊባል ምንም አይቀረው።

ጎረቤታችን እትዬ የስኳር በሽታ አለባቸው። ሰው ቤት ሻይ ሲቀርብላቸው ችግራቸው ይታወቀኛል። በማንቆርቆሪያ የፈላው ሻይ አብሮ ተጣፍጦ ነው የሚመጣው። "ስኳር አልጠጣም" ሲሉ ባለቤቲቱ ትደነግጣለች፣ "ወይኔ፣ እንደገና ላፍላልዎት" ትላለች፣ እሳቸው ደግሞ "ኧረ ተይ፣ አትድከሚ" ይላሉ። መጨረሻው ወይ ጣፋጩን ጠጥተው መሄድ፣ ወይ ሳይጠጡ መሄድ ነው። ክሊኒክ ውስጥ ስኳራቸው ለምን ከፍ እንዳለ የምንጠይቃቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ "ምንም ጣፋጭ አልበላሁም" ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሻዩን አይቆጥሩትም። ሦስት ቤት ለቅሶ የደረሰ ሰው ሦስት ጣፋጭ ሻይ ጠጥቷል። እኛ ቤት ግን እትዬ ራሳቸው ናቸው ብርጭቋቸውን የሚያዝዙት። ቀጠን ያለ ሻይ፣ የቅመም ውኃ ጨመር ተደርጎ፣ ስኳር ዜሮ። "እዚህ ቤት ነው ሻይ የምጠጣው" ይላሉ፣ እማዬ ትኮራለች፣ የቅመሙ ባለቤት እሷ ናትና።

ለነፍሰ ጡሮችና ደም ማነስ ላለባቸውም የምለው አለኝ። ሻይ ከምግብ ያገኛችሁትን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያደርጋል። ወፍራም ከሆነ ይብሳል። ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል አርቁት። አባዬ ምሳ ላይ ሳሞቫር የማይለኩሰው በእኔ ጭቅጭቅ ነው።

ስኳር ካነሳን ዘንድ፣ እኛ የወንጂ ጎረቤቶች ነን። ወንጂ ከአዳማ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ ያቋቋመው ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ነው ሥራ የጀመረው። ጎረቤት ሆነንም ስኳር የሚጠፋበት ጊዜ መጥቶብናል፣ ወረፋውን የአዳማ ሰው ያውቀዋል። ያኔ አባዬ ከሩሲያውያኑ ያየውን አመጣ። እነሱ አንዳንዴ ስኳሩን ሻዩ ውስጥ አይጨምሩም። ቁርጥራጩን በጥርሳቸው ይይዙና መራራውን ሻይ በላዩ ይጠጣሉ። ኢራኖችም እንዲሁ ነው የሚጠጡት። እኛ ጋ የስኳር ቁርጥራጭ ሲጠፋ ከረሜላ ነበር። አንድ ከረሜላ ጉንጭ ሥር ተይዞ ሁለት ብርጭቆ ያስጠጣል። ስኳሩ ከተመለሰ በኋላም አባዬ ከረሜላውን አልተወም። ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ አለ፣ የሠፈር ልጆች ያውቁታል።

ሳሞቫር የሩሲያ ብቻ አይደለም፤ ኢራንም፣ ቱርክም፣ ካሽሚርም አለ። የካሽሚሮቹ ከመዳብ የተሠራ ነው፣ ሻያቸው ወተትና ጨው ያለበት ሮዝ ቀለም ያለው ነገር ነው። እማዬ ይህን ስነግራት "ጨው?" ብላ ፊቷን አዞረች። እኛ አገር ቡናቸውን በጨው የሚጠጡ እንዳሉ ባስታውሳትም አልተዋጠላትም።

ቡናስ? ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ይህንን ነው። የቡና አገር ሰው፣ ያውም እሁድ፣ ሳሞቫር ምን ያደርግለታል? እማዬ ለዓመታት ስትሟገት የኖረችው በዚሁ ነው። "ቡና ባለበት ቤት ሻይ የሚጠጣ ታማሚና ፈረንጅ ነው" ትላለች። እኔ ሳየው ሁለቱ አይጣሉም፤ ሰዓታቸው ይለያያል። ቡና ቀጠሮ አለው። አቦል ላይ ያልደረሰ ቶና ላይ ይደርሳል፣ በረካ ካለፈ በኋላ የመጣ ግን ዕጣው ወሬ ብቻ ነው። ጀበናው ታጥቧል። ሳሞቫር ለዘገየ ሰው ነው። ከፈላ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ትኩስ ሆኖ ይቆያል፣ ከሰል ጣል ካደረጉበት ከዚያም በላይ። አጎቴ ከሞጆ በመጨረሻው ሚኒባስ ሲመጣ ሻይ አለ። የእህቴ ባል ከኳስ ጨዋታ ሲመለስ ሻይ አለ። ማንም ተነስቶ ወደ ጓዳ አይሮጥም። እማዬ ራሷ ጀበናዋን አስቀምጣ ስትጨርስ መጥታ ትቀመጣለች፣ "እስቲ ቀጠን አድርገህ አንድ ስጠኝ" ትላለች። ይህን ስትል ማንም ምንም አይልም። ሥርዓታችን ነው።

ስለ ኤሌክትሪኩም አንድ ነገር ልበል። ያላችሁ ሰዎች አትናቁት። ጭስ የለውም፣ ሳሎን ይገባል፣ ሻዩም ያው ነው። "የከሰሉ ጣዕም ይለያል" የሚለውን ወሬ አልቀበልም። ጭሱ ውኃውን አይነካውም፣ በቱቦው ነው የሚወጣው። እኛ ከሰሉን የያዝነው ሁለት ነገር ስላለ ነው። አንደኛው አባዬ ነው። ሁለተኛው መብራት ነው። ኮረብታው ላይ ተርባይኑ ሲሽከረከር እያየን እኛ ሠፈር ጨለማ የሚሆንበት ቀን አለ፣ ሳሞቫሩ ግን አያውቀውም። የኤሌክትሪኩም ቢሆን ውኃ ሳይኖረው አይሰካም፣ ማሞቂያው ወዲያው ይቃጠላል።

አሁን ለባልደረባዬና ቡፌ ላይ ሳሞቫር ላላችሁ። መጀመሪያ ክዳኑን ክፈቱና በስልካችሁ መብራት ውስጡን እዩ። ግድግዳው ብርማ መሆን አለበት፣ ያ ቆርቆሮው ነው። ቀይ ወይም ቢጫ የሚያሳይ ቦታ ካለ ልባጡ ተልጧል፤ በዚያ ሻይ አታፍሉ፣ ውኃው መዳብ ይይዛል። በጣም የቆየ ከሆነ ወይም አንዱ በመንገድ ዳር ብየዳ የጠገነው ከሆነ ደግሞ ብየዳው እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ይችላል። እሱ ይወልወል፣ ቡፌው ላይ ይቅር። ልጆች ባሉበት ቤት በእርሳስ አይቀለድም።

ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይዞ ከሆነ አትደንግጡ። የውኃችን ጨው ነው። ሳሞቫሩን በውኃ ሞልታችሁ የሦስት አራት ሎሚ ጭማቂ ጨምሩበት፣ አፍሉት፣ እንዲቆይ ተዉትና ድፉት። በሽቦ እንዳትፈትጉት፣ ቆርቆሮውን ይልጠዋል። በነገራችን ላይ፣ በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ በማፍላት አይጠፋም። ውኃው በተነነ ቁጥር እንዲያውም ይከማቻል። የጉድጓድ ውኃ የምትጠቀሙ ከሆነ ሳሞቫሩ ውስጥ የተረፈውን ደጋግማችሁ አታፍሉ፤ በየጊዜው ደፍታችሁ አዲስ ሙሉ። ከውጭ ነሐሱ የተራቆተ ከሆነ ሎሚና የተነፋ አመድ ይበቃዋል። ኒኬል ካለው አመድ አያስፈልገውም፣ ለስላሳ ጨርቅና ሳሙና ብቻ።

ቧንቧው የሚያንጠባጥብ ከሆነ ወደ ባለሙያ ከመሮጣችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። የሳሞቫር ቧንቧ ጎማ የለውም። ሾጠጥ ያለ የነሐስ ቁልፍ ሾጠጥ ያለ ቀዳዳ ውስጥ ተቀምጦ ነው የሚዞረው። ወደ ላይ ስትስቡት ይወጣል። ዓመታት የተቀመጠ ከሆነ ይይዛል፣ በመዶሻ አትምቱት፤ ፈላ ውኃ አፍስሱበት፣ ይለቃል። ከወጣ በኋላ የጥርስ ሳሙና ቀቡትና መልሳችሁ አስገቡት። ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ አሽከርክሩት፣ እያወጣችሁ ጥረጉ፣ እንደገና ቀቡ። የጥርስ ሳሙናው ውስጥ ያለው ደቃቅ ነገር ሁለቱን ነሐሶች እርስ በርስ ያስተካክላቸዋል። አባዬ ትራክተር ላይ የሞተር ቫልቭ የሚያስተካክለው በዚሁ ዘዴ ነበር፣ በጥርስ ሳሙና ፋንታ ሻካራውን የመፈተጊያ ቅባት ይጠቀማል እንጂ። ከለሰለሰ በኋላ አጥባችሁ ውኃ ሞልታችሁ ደረቅ ጋዜጣ ላይ አሳድሩት። ጠዋት ጋዜጣው ካልረጠበ ጨርሳችኋል።

የመጀመሪያውን ፈላ ውኃ አትጠጡት፣ ድፉት። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ከሦስተኛው ጀምሮ እንግዳ ጥሩ።

ሲያልቅ ደግሞ ፍሙን በውኃ አታጥፉ። የቱቦውን አናት በክዳኑ ግጠሙት፣ አየር ሲያጣ ራሱ ይጠፋል። የተረፈው ከሰል ለሚቀጥለው ይሆናል። ውስጥ የሚቀረው አንድ ሁለት ሊትር ትኩስ ውኃም አይደፋም። እማዬ መጥረጊያ ጨርቋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ የብርጭቆ ማጠቢያ ሳፋዋን ቧንቧው ሥር ታስቀምጣለች። ሳሞቫሩ የስፌት መኪናውን ያህል ባይሆንም ለዚህስ ይጠቅማል ትላለች፣ አባዬ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።